ኮርንፍላወሩ ቅጠል ብቻ ሆነ፤ ጥፋቱ የዘሩ ነው?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈተችው ሴት የጻፈችው ጥያቄ ይምሰል እንጂ ክስ ነው። በጓሮዋ ኮርንፍላወር የሚባለውን ሰማያዊ አበባ ከዘር ላብቅል ብላ ተነሳች። ዘሩ በቀለላት፣ ቅጠሉም እስከ ጉልበት አደገላት፤ አበባው ግን እዚህ አንድ እዚያ አንድ ብቻ ሆነ። ትንሽ ንፋስና ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ መደቡ በሙሉ በጎኑ ተኛ። ፍርዱን ርዕሱ ላይ ሰጥታ ጨርሳለች፤ ዘሩ የማይረባ ነው ትላለች። የቀረቻት ጥያቄ ደህና ዘር በምን ይታወቃል የምትል ብቻ ናት። ፎቶም አያይዛለች። የኮርንፍላወር ቅጠል በተፈጥሮው ቀጭንና ረጅም፣ በስስ ነጭ ጸጉር ስለሚሸፈንም ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። በፎቶው ላይ ያለው ግን ሰፋ ያለ፣ ለስላሳና ጥቁር አረንጓዴ ነበር። መልሱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሰው ሁሉ ጽሑፉን ስላነበበ ፎቶው ላይ ያለውን ቅጠል ልብ ያለው የለም።

1ኛው መልስ የሐዘን ተካፋይ ነው። እሱም እንዲሁ ደርሶበት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ የታሸገ ዘር ማመን እንደተወ ይናገራል። ምክር የለውም። 2ኛው ሰው ግን ፍርድ ውስጥ ሳይገባ በአንቱታ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ዘሩ መደቡ ላይ በቀጥታ ተዘራ ወይስ በማፊያ (በችግኝ ማሰሮ) ፈልቶ ተዛወረ? አፈሩ ላይ ምን ተጨመረ? ቦታው በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል?

መልሱ ሳይመጣ 3ኛዋ ቀደመችና ለዘሩ ጥብቅና ቆመች። ዘር መጥፎ የሚባለው ሳይበቅል ሲቀር ወይም ሌላ ነገር ሆኖ ሲበቅል ነው፤ በቅሎ ጉልበት የደረሰ ተክል ዘሩን አያስከስስም ባይ ናት። ስለ ዘሩ መልክም ጥሩ አድርጋ ጽፋለች። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ነው፤ አናቱ ላይ የጢም መላጫ ብሩሽ የመሰለ አጭርና ደረቅ ቡናማ ጸጉር አለው። የሞላ ዘር በጥፍር ሲጫኑት ይቋቋማል፤ ባዶው ይደፈጠጣል። ዘሩን የተጠራጠረ ሰው 10 ፍሬ ቆጥሮ እርጥብ ወረቀት ላይ ያስቀምጥ፣ በላስቲክ ከረጢት ይክተተው፣ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያቆየው ትላለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ስምንቱ ካጎነቆለ ዘሩ ነጻ ነው። ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንኳ ለጥያቄዋ የተሟላ መልስ አግኝታ ነበር።

በ4ኛው ላይ ጠያቂዋ ተመልሳ ለ2ኛው ሰው ጥያቄዎች ትመልሳለች። እዚህ ነው ሁሉም የወጣው። ዘሩን በትናንሽ ማፊያ አፍልታ፣ ሥሩ ከሥር እስኪወጣ ጠብቃ፣ ወደ መደብ አዛወረችው። መደቡን ለአበባ ይገባዋል ብላ በፍግና በብስባሽ አጥግባዋለች። ማታ ማታ ከላይ ውሃ ታርከፈክፍበታለች። በችግኝና በችግኝ መካከል ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቦታ ነው የተወችው፤ መሬቱ ባዶ እንዳይመስል። የምትጽፈው ልጅዋን እንዴት እንዳሳደገች እንደምታስረዳ እናት ነው፤ ምን አጎደልኩ የሚል ቅሬታ በየመስመሩ አለ።

5ኛው መልስ ከአንድ መስመር አይበልጥም። የጎደለ ነገር የለም፣ የበዛ እንጂ፣ የሚል ነው። ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን ነው የማስቀረው።

ማብራሪያው የመጣው በ6ኛው ነው። ከፍግ የሚገኘውን ናይትሮጅን የጠገበ ተክል ቅጠልና ግንድ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ለማበብ አይቸኩልም። ግንዱም ይረዝማል እንጂ አይጠነክርም፤ ውሃ ያዘለ ስስ አካል ስለሚሆን ንፋስ ሲነካው ይተኛል። ኮርንፍላወር ደግሞ በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የእህል ማሳ አረም ሆኖ የኖረ ነው፤ ማንም ሳያዳብርለት፣ ከእህሉ ጋር እየተሻማ። ፍግ የጠገበ መደብ ለጎመን እንጂ ለእሱ አይደለም። ሰውየው በዚያው የውሃውን ነገር አንስቷል፦ ዘሩ እስኪበቅልና ሥር እስኪይዝ ድረስ አፈሩ እርጥብ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት መድረቅ ይችላል። ማታ ከላይ የሚፈስ ውሃ ቅጠሉ ላይ አድሮ፣ ተክሉም ተጠጋግቶ አየር ካጣ፣ የሻጋታ በሽታ ይመጣበታል። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ማራራቅ፣ ከሥር ማጠጣት፣ ያውም በጠዋት።

7ኛዋ ማዛወሩን ያዘች። ኮርንፍላወር ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አለው፤ ሥሩ ከተነካ ይቀየማል፤ ስለዚህ ቦታው ላይ በቀጥታ፣ 1 ሳንቲሜትር ያህል አፈር አልብሶ መዝራት እንጂ ማፍላት የሚባል ነገር የለም ብላ ደመደመች። ይሄ የለም የሚለው ቃል 8ኛውን ሰው አስቆጣ። እሱ ማፍላት ከጀመረ እንደቆየ፣ አንድም ጊዜ እንዳልከሰረ ይናገራል። ምስጢሩ ጥልቀት ያለው ማፊያ መጠቀምና ችግኙ ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል እንዳወጣ፣ ሥሩ ገና መጠምዘዝ ሳይጀምር፣ ከነአፈሩ ማውረድ ነው። የጠያቂዋ ችግኝ የተበላሸው በመዛወሩ ሳይሆን በመዘግየቱ ነው ይላል። 7ኛዋ በ9ኛው መልስ ተመልሳ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ በቀጥታ የሚዘራ ሰው ይሄን ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም ማለቷ እንደሆነ በለዘበ ቃል አስታወቀች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቀንድ አውጣ ለጋ ችግኝ በሚጨርስበት ጓሮ ግን የ8ኛው መንገድ እንደሚያዋጣ ማንም አልጠቀሰም።

ቀጥሎ የመጣው ሰው የእህል ማሳውን ታሪክ ወደደው መሰለኝ፣ 10ኛውን መልስ በሙሉ ለዚያ ሰጠ። ግንዱ ጠንካራ ስለነበር የአጫጆችን ማጭድ ያደነዝዝ እንደነበር፣ ገበሬ ይጠላው እንደነበር፣ ኋላ ግን ዘር እየተበጠረ ሲዘራና የአረም መድኃኒት ሲመጣ ከማሳው እየጠፋ እንደሄደ ይተርካል። ከዚያ ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ1968 ብሔራዊ አበባዋ አድርጋ እንደመረጠችው፣ ፈረንሳዮች የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰለባዎችን የሚያስታውሱበት አበባ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የቱታንክአመን መቃብር ውስጥ የአበባ ጉንጉን ላይ የቅርብ ዘመዱ እንደተገኘ ደረደረ። ጠይቆት የነበረ ሰው የለም። ቢሆንም ግንዱ ጠንካራ ነው ማለቱ ጠቅሟል፤ ማጭድ የሚያደነዝዝ ግንድ በእሷ መደብ እንደ ሰላጣ የለሰለሰው ለምን እንደሆነ ራሱ ይመልሳል።

11ኛዋ ሌላ ምክንያት ጨመረች። ኮርንፍላወር ለማበብ የሚነሳሳው ቀኑ ሲረዝም ነው። ቀኑ አጭር በሆነበት ወቅት የተዘራ ተክል መሬት ላይ ተንጥፎ ቅጠል እያበዛ ይቆያል፤ ቀኑ ሲረዝም ግንድ ይሰዳል። ስለዚህ አልዘገየም ይሆናል፣ ሰዓቱን እየጠበቀ ይሆናል ትላለች። ጥሩ ነጥብ ነው። ክረምታቸው ለዘብ ያለ ሰዎች ከብርዱ በፊት ዘርተው ትልቅ ተክልና ቀደም ያለ አበባ የሚያገኙትም በዚሁ ነው፤ ተክሉ በአጭር ቀን ሥር ያበዛል። የእሷ ግን ጉልበት ደርሶ ግንድ ሰዷል፤ ስለዚህ ይሄ ለሌላ አንባቢ እንጂ ለእሷ አልነበረም። 12ኛው ሰው ከመልስ 6 ጋር እንደሚስማማ ጻፈ፤ በቃ።

ክሩ የተበላሸው በ13ኛው ነው። አንዱ መጥቶ አበባው ደብዝዟል ብሎ ከፎቶው ላይ አየና፣ ሰማያዊው እንዲደምቅ የዛገ ምስማር ሥሩ ላይ ቅበሪ አለ። 14ኛው ሰው ወዲያው ያዘው፦ ይህ ሃይድሬንጂያ ከሚባለው ሌላ አበባ የተቀዳ ወሬ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው ብረት ሳይሆን አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየሙም ለተክሉ የሚደርሰው አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ነው፤ ኮርንፍላወር ላይ ብረት ምንም ሥራ የለውም። እስከዚህ ድረስ ትክክል ይመስል ነበር። በ15ኛው ግን ኬሚስትሪ የሚያውቅ የሚመስል ሰው ብቅ አለና የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አፈረሰ። የኮርንፍላወር ሰማያዊ ቀለም ፕሮቶሲያኒን ይባላል፤ አንቶሲያኒንና ፍላቮን ከሚባሉት የተክል ቀለሞች ስድስት ስድስት ሞለኪውሎች በአንድ የብረት፣ በአንድ የማግኒዥየምና በሁለት የካልሲየም አዮኖች ዙሪያ ተሰባስበው የሚሠሩት ነው። አወቃቀሩ ተሟልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የሚገርመው ደግሞ መሠረቱ ሲያኒዲን የሚባለው ቀለም መሆኑ ነው፤ ቀይ ጽጌረዳን ቀይ የሚያደርገውም ያው ሲያኒዲን ነው። ሪቻርድ ቪልሽቴተር የተባለው ኬሚስት ይህን አንድነት ያሳየው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ በተክል ቀለሞች ላይ በሠራው ሥራም እ.ኤ.አ. በ1915 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እሱ የቀለም ልዩነቱ በአሲድነት ይመጣል ብሎ ነበር፤ ኋላ ነው የብረት፣ የማግኒዥየምና የካልሲየም ድርሻ የታወቀው።

13ኛው ሰው ይህን ሲያይ ድል እንደተነገረለት ቆጠረና፣ ምስማሩን በሚገባ አስረግጦ 16ኛውን ጻፈ። 14ኛው ደግሞ በ17ኛው ላይ ተናደደ። አንቱ ሲባባሉ የቆዩት አንተ ተባባሉ፤ ማን መጽሐፍ እንዳነበበና ማን እንዳላነበበ ተነጋገሩ። አንደኛው የሌላኛውን ጓሮ ሳያየው ተሳደበ። ያ ሁሉ ለአንድ ምስማር። ያረገበው 18ኛው ነው፤ የ15ኛው ሰው ራሱ ተመልሶ መጥቶ፣ ቀለሙ ውስጥ ብረት አለ ማለት አፈሩ ላይ ብረት ይጨመር ማለት እንዳልሆነ አስረዳ። ተክሉ የሚፈልገው ብረት ኢምንት ነው፤ ደህና አፈር ሁሉ አለው። የዛገ ብረትም በቀላሉ የማይሟሟ ስለሆነ ሥሩ ብዙም አያገኝበትም። አበባው ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ሐምራዊ የሚሆነው በዝርያው ነው፤ ያረጀ አበባ ፀሐይ ላይ መንጣቱም ያለ ነው። የእሷ አበባ የደበዘዘው አርጅቶ ነው ብሎ ዘጋው። ስድብ ያዋጡት ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልታዩም።

ያረጀ አበባ የሚለው ነገር 19ኛዋን ወደ ጠቃሚ ጉዳይ መራት። አበባ የሚያበዛው መቁረጥ ነው ትላለች። ዘር መያዝ የጀመረ ራስ ካልተወገደ ተክሉ ጉዳዬን ጨረስኩ ብሎ ያቆማል። ጀማሪ ግን እምቡጡንና የጠወለገውን ያምታታል፤ ሁለቱም ከሥራቸው ያው ቅርፊት የደረበ እንቁላል መሰል ነገር ስለሆኑ። እምቡጡ ሲነካ ጠጣር ነው፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይታያል፤ የጠወለገው ሲጫኑት ይለሰልሳል፣ ጫፉ የተንጨባረረና የደረቀ ነው። ራሱን ብቻ ቀንጥሶ ራቁት አገዳ ከመተው ከሥሩ እስካለው የጎን ቅርንጫፍ ድረስ ወርዶ መቁረጥ ይሻላል፤ ቀጣዮቹ አበቦች ከዚያ ነው የሚመጡት። ለአበባ ማስቀመጫ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ ገና ግማሽ ሲፈካ ይቁረጥ፣ ውሃ የሚነካውን ቅጠል ይመልምል። ምነው ይህ መልስ ከላይ በሆነ አሰኝቶኛል፤ ከምስማሩ ጦርነት በኋላ ስንቱ ሰው እዚህ እንደደረሰ እንጃ።

በ20ኛው ጠያቂዋ ተመልሳለች፤ ስለ ፍጉ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይልቅ እምቡጦቹ ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አይታለች፤ ምን መድኃኒት ልርጭ ትላለች። 21ኛው ሰው እጇን ያዛት። ኮርንፍላወር ከአበባው ውጭ፣ እምቡጡን ከሸፈኑት ቅርፊቶች ጭምር ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ጉንዳኑ የሚመጣው ለዚያ ነው፤ ተክሉን አይበላም። ያንኑ ፈሳሽ የሚጠጡ ትናንሽ ጥገኛ ተርቦች አሉ፤ እነሱ ደግሞ እንቁላላቸውን የጎመን አባጨጓሬ ውስጥ ስለሚጥሉ በአውሮፓ ከጎመን ማሳ ጎን ኮርንፍላወር የመዝራት ሙከራ ተደርጓል። መድኃኒት ከተረጨ አብረው ያልቃሉ። ለጋው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ተደርድሮ ከታየ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በውሃ ግፊት ማራገፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ናይትሮጅን የጠገበ ለስላሳ ቅጠል ላይ እንደሚበዛ ሳይጠቅስ አላለፈም። ይህቺን ለእሷ መጣሉ ነው።

22ኛዋ ከጉንዳን ወደ ንብ ተሻገረች። አበባ የምንለው አንድ አበባ ሳይሆን የብዙ ትናንሽ አበቦች ስብስብ ነው፤ ዳር ዳሩን የተደረደሩት ሰማያዊ ጥሩምባዎች ዘር አይሰጡም፣ ሥራቸው ነፍሳት መጥራት ነው፤ ዘር የሚሆኑት መሃል ያሉት ሐምራዊዎቹ ናቸው። ገና የፈካ አበባ ፈልጉና ከመሃሉ አንዱን በሣር ጫፍ ነካ አድርጉ ትላለች፤ ወንዴ ዘንጎቹ ይሸማቀቁና ነጭ የአበባ ዱቄት ከቱቦው አናት እየተገፋ ይወጣል። ንብ ሲያርፍበትም የሚሆነው ይሄው ነው። ይህን አንብቤ ወጥቼ ሞክሬዋለሁ፤ ዓይን እያየ ይወጣል።

23ኛው ሰው አበባውን አፍልቶ ዓይን ማጠብ የቆየ ባህላዊ ሕክምና ነው ብሎ አሠራሩን ዘረዘረ። 24ኛዋ የክሩን በጣም ኃይለኛ መልስ ጻፈች፤ ያልተጣራና ጀርም ያለበት ነገር ዓይን ውስጥ አይገባም፣ የቆየ መሆኑ ደህና አያደርገውም፣ ዓይኑን ያመመው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሻካራ ነው አጻጻፏ፤ ልክ ግን ናት። መድኃኒት ያልተረጨበትን ቅጠለ አበባ ምግብ ላይ መበተን የሚቻል መሆኑን በመጨረሻ መጨመሯ ትንሽ አለዘበው።

ከዚያ ክሩ ወደ ዘር ተመለሰ። 25ኛው ሰው በየወቅቱ ከመግዛት ይልቅ የራስን ዘር መያዝን ይመክራል፦ ራሱ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ ሳይበተን፣ ደረቅ በሆነ ቀን ለቅሞ፣ ወረቀት ላይ አስጥቶ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ። የተለያየ ቀለም አጠገብ ለአጠገብ ከተዘራ ነፍሳት ስለሚያዳቅሉት ሰማያዊ ብቻ የሚፈልግ ሮዝ የሆነውን ዘር ሳይዝ ይንቀል። 26ኛዋ ግን እንዲያው መበተኑን አትፍሩ ባዮችን አስጠነቀቀች፤ ራሱን በራሱ በደንብ የሚዘራ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ አንዳንድ አካባቢዎች የሣር መሬት እየወረረ አስቸግሯል፤ ጓሯችሁ ከዱር መስክ ጋር የሚዋሰን ከሆነ የደረቀውን ራስ አትተዉት።

27ኛው የጠያቂዋ ነው። የተኛውን መደብ ምን ላድርገው፣ ደግሞስ በሌላ እሽግ ልሞክር ትላለች። አሁንም ከዘሩ ላይ አልወረደችም። 2ኛው ሰው፣ ያ ሦስት ጥያቄ ጠያቂው፣ በ28ኛው መጥቶ ጨረሰላት። የተኛው ግንድ ሲሶው ተቆርጦ በቀጫጭን እንጨትና ገመድ ይደገፍ፣ ፍግም ውሃም ይቅር፣ ጥቂት አበባ አያጣም። አዲሱ ደግሞ ፍግ ያልነካውና ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ በመስመር ይዘራ፤ የመስመሩ አንዱ ጫፍ ከአሮጌው እሽግ፣ ሌላው ጫፍ ከአዲሱ፤ ምልክት ይደረግበት። አንድ ጊዜ ብቻ ዘርቶ ከመቀመጥም በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት የአበባውን ጊዜ ያረዝማል። እሷም እሺ ብላ አመሰገነች፤ አሮጌው እሽግ ሳይጣል እንደቀረም ጠቀሰች።

ክሩ ግን እዚህ ላይ አልቆመም። 30ኛው አዲስ ገቢ ነው፤ ጓሮ የለኝም፣ በረንዳ ላይ በማሰሮ ይሆናል ወይ ይላል። 31ኛዋ፣ ዘሩን የተከላከለችው ያቺው 3ኛዋ፣ ይሆናል አለች፦ ዋናው ሥር የሚወርድበት ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከሥሩ የተበሳ ማሰሮ፤ እንደ ፖልካ ዶት ያለ አጭር ዝርያ፤ አፈሩ ውሃ የማይቋጥር። ብሉ ቦይ የመሰለው ረጅሙ ግን እስከ 90 ሳንቲሜትር ስለሚደርስ በረንዳ ላይ ንፋስ ይጥለዋል። ማሰሮው ውስጥ ማዳበሪያ ይጨመር እንደሆነ በ32ኛው ተጠይቃ ነበር፤ መልስ 5ን ያንብብ አለችው።